ኤድስገር ዳይክስትራ

ኤድስገር ዊበ ዳይክስትራ (ግንቦት 3 ቀን 1922 ዓ.ም. ሮተርዳም – ሐምሌ 30 ቀን 1994 ዓ.ም. ኑነን) የኔዘርላንድ ተወላጅ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ ነበር። በሁለት ቦታዎች መካከል ያለውን አጭር መንገድ የሚያገኘው የዳይክስትራ ስልት በስሙ ይጠራል። ከዚህ ሌላ ብዙ ሥራዎች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሳይጋጩ እንዲሠሩ የሚያደርገውን ሴማፎር የተባለ ዘዴ ፈጥሯል፤ ፕሮግራሞች በሥርዓት ተዋቅረው እንዲጻፉም ዕድሜውን ሙሉ ተከራክሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 የቱሪንግን ሽልማት ተቀብሏል። ይህ ሽልማት በኮምፒውተር ሳይንስ ዘርፍ ከሁሉ የላቀ ክብር የሚሰጠው ነው።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ዳይክስትራ የተወለደው ሜይ 11 ቀን 1930 በሮተርዳም ከተማ ሲሆን ለወላጆቹ ከአራት ልጆች ሦስተኛው ነበር። አባቱ የኬሚስትሪ ሊቅና የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር። እናቱ የሒሳብ ትምህርት የተማረች ብትሆንም በሙያዋ ተቀጥራ አልሠራችም። ዳይክስትራ የሒሳብ ፍቅሩን ያገኘው ከእርሷ ነው፤ መልስ ሲረዝምና ሲወሳሰብ መንገዱ ተሳስቷል ማለት ነው የሚለውን እምነት የተማረውም ከእርሷ እንደሆነ ይናገር ነበር።

የ9 ዓመት ልጅ ሳለ ጀርመን ኔዘርላንድን ወረረች። ሜይ 14 ቀን 1940 የሮተርዳም መሐል ከተማ በአውሮፕላን ቦምብ ወደመ። የቀረው የልጅነቱ ጊዜ በጦርነትና በወረራ ሥር አለፈ። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ሕግ አጥንቶ አገሩን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የመወከል ሐሳብ ነበረው። ነገር ግን በ1948 ኤራስሚያኑም ከተባለው ትምህርት ቤት በሒሳብና በሳይንስ እጅግ ከፍተኛ ውጤት አምጥቶ ስለ ጨረሰ፣ በወላጆቹ ምክር ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሒሳብና ፊዚክስ፣ ቀጥሎም የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ተማረ።

በ1951 ክረምት ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የሦስት ሳምንት የፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት ተከታተለ። ትምህርቱን የሚመራው ኤድሳክ የተባለውን ኮምፒውተር የሠራው ሞሪስ ዊልክስ ነበር። ዳይክስትራ ወደዚያ የሄደው ኮምፒውተር ለፊዚክስ ጥናቱ ይረዳኛል ብሎ ነበር፤ ይሁን እንጂ ይህ አጭር ትምህርት የሕይወቱን አቅጣጫ ለወጠው።

ስም ያልነበረው ሙያ

በማርች 1952 በአምስተርዳም በሚገኘው የሒሳብ ማዕከል በፕሮግራመርነት መሥራት ጀመረ። በኔዘርላንድ በዚህ የሥራ መጠሪያ የተቀጠረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። የቀጠረው አለቃው አድሪያን ቫን ዋይንሃርደን ይባል ነበር። በማዕከሉ ብራም ሎፕስትራና ካረል ስሆልተን የተባሉ ባልደረቦቹ ኮምፒውተሩን ሲገነቡ ዳይክስትራ ደግሞ መሣሪያው ገና ሳያልቅ ፕሮግራሙን በወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር። ጽፎ የሚሞክርበት ኮምፒውተር ስላልነበረ የጻፈው ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ የሚችለው በማሰብ ብቻ ነበር። ይህ ልማድ ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተወውም።

ፊዚክስንና ፕሮግራምን ለሦስት ዓመት ያህል ጎን ለጎን ካስኬደ በኋላ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነበት። ፊዚክስ የተከበረና መሠረቱ የጸና ሙያ ነው፤ ፕሮግራም መጻፍ ግን በዚያን ጊዜ የእጅ ጥበብ እንጂ ዕውቀት ተብሎ አይቆጠርም ነበር። ጭንቀቱን ለቫን ዋይንሃርደን ሲያማክር፣ ኮምፒውተር ዘላቂ ነገር መሆኑንና ይህን ሙያ ወደ ተከበረ የትምህርት ዘርፍ ከሚያሳድጉት አንዱ እርሱ ራሱ ሊሆን እንደሚችል ነገረው። ዳይክስትራ ከዚህ ንግግር በኋላ ፊዚክስን በፍጥነት ጨርሶ ፕሮግራመር ለመሆን ወሰነ።

በ1957 ማሪያ ደበትስን ሲያገባ በጋብቻ ሰነዱ ላይ ሙያውን ፕሮግራመር ብሎ አስመዘገበ። የአምስተርዳም ከተማ ባለሥልጣናት ግን እንዲህ ያለ ሙያ የለም ብለው አልተቀበሉትም። በመጨረሻ በሰነዱ ላይ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ሊቅ ተብሎ ተጻፈ። ባልና ሚስቱ ሦስት ልጆች ወልደዋል።

የአጭሩ መንገድ ስልት

በ1956 የሒሳብ ማዕከሉ አርማክ የተባለ አዲስ ኮምፒውተር ሠርቶ ለሕዝብ ሊያስመርቅ ተዘጋጀ። ለምርቃቱ የሚመጡት እንግዶች ኮምፒውተር አይተው የማያውቁ ስለሆኑ፣ ማንም ሰው ሊረዳው የሚችል ጥያቄ መምረጥ ያስፈልግ ነበር። ዳይክስትራ የመረጠው ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ለመሄድ አጭሩ መንገድ የቱ ነው የሚለውን ጥያቄ ነበር።

መልሱን ያገኘው አንድ ቀን ጠዋት ከእጮኛው ጋር በአምስተርዳም ገበያ ሲዞሩ ደክሟቸው ቡና ሊጠጡ ከአንድ ቡና ቤት በረንዳ በተቀመጡበት ጊዜ ነው። ስልቱን በ20 ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ያለ ወረቀትና ያለ እርሳስ በሐሳቡ አወጣው። ኋላ ላይ ሲያስታውሰው፣ ስልቱ እንዲህ ቀላልና ጥርት ያለ የሆነበት አንዱ ምክንያት መጻፊያ ስላልያዘ ውስብስብ ነገርን ሁሉ ለማስወገድ በመገደዱ እንደሆነ ተናግሯል። ለምርቃቱ የተጠቀመበት ካርታ 64 የኔዘርላንድ ከተሞችን የያዘ ነበር፤ ቁጥሩ 64 የሆነው እያንዳንዱን ከተማ በ6 ቢት ለመወከል እንዲመች ነው።

ስልቱን በጽሑፍ ያወጣው በ1959 ሲሆን ጽሑፉ ሦስት ገጽ ያህል ብቻ ነበር።

የስልቱ አሠራር በምሳሌ

የስልቱን አሠራር በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ መንገደኛ ከሚኤሶ ተነሥቶ ወደ ገለምሶ መሄድ ይፈልጋል እንበል። ለምሳሌው እንዲመች የሚከተሉትን መንገዶችና የጉዞ ጊዜዎች እናስቀምጥ፤ መንገዶቹም ሆኑ ደቂቃዎቹ ለማስረዳት ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

ከሚኤሶ ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) – 40 ደቂቃ
ከሚኤሶ በዴሳ – 120 ደቂቃ
ከጭሮ ሂርና – 50 ደቂቃ
ከጭሮ በዴሳ – 60 ደቂቃ
ከጭሮ ገለምሶ – 110 ደቂቃ
ከበዴሳ ገለምሶ – 30 ደቂቃ

በመጀመሪያ ለሚኤሶ 0 ይሰጣል፤ ለሌሎቹ ከተሞች ሁሉ ገና ያልታወቀ ተብሎ ይያዛል። ከሚኤሶ በቀጥታ የሚደረስባቸው ጭሮ (40) እና በዴሳ (120) ናቸው። ከሁለቱ ትንሹ 40 ስለሆነ የጭሮ መልስ ይጸናል፤ ከዚህ በኋላ አይለወጥም።

ቀጥሎ ከጭሮ የሚወጡት መንገዶች ይታያሉ። ሂርና 40 ሲደመር 50፣ ማለትም 90 ይሆናል። በዴሳ በጭሮ በኩል 40 ሲደመር 60፣ ማለትም 100 ስለሚሆን ቀድሞ የተያዘው 120 ተሰርዞ 100 ይጻፋል። ገለምሶ ደግሞ 150 ይሆናል። አሁን ካልጸኑት መካከል ትንሹ የሂርና 90 ነው፤ እርሱ ይጸናል፣ ነገር ግን በምሳሌው ከሂርና ወደ ገለምሶ የሚወስድ መንገድ ስለሌለ የሚለወጥ ነገር የለም። ቀጥሎ የበዴሳ 100 ይጸናል። ከበዴሳ ገለምሶ 30 ስለሆነ የገለምሶ 150 ተሰርዞ 130 ይጻፋል። በመጨረሻ ገለምሶ በ130 ይጸናል። አጭሩ መንገድ ሚኤሶ – ጭሮ – በዴሳ – ገለምሶ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ሊባል ይገባል። አንደኛ፣ በካርታ ላይ ቀጥተኛ የሚመስለው መንገድ (ከሚኤሶ በዴሳ) የግድ አጭሩ አይደለም። ሁለተኛ፣ ትንሹን ቁጥር የያዘው ከተማ መልሱ የሚጸናው በግምት አይደለም፤ ወደ እርሱ የሚወስድ ሌላ መንገድ ቢኖር ከእርሱ በሚርቅ ሌላ ከተማ በኩል ማለፍ ግድ ስለሚሆንበትና ከዜሮ በታች የሆነ የጉዞ ጊዜ ስለሌለ ሊያጥር አይችልም። በዚህ ምክንያት ስልቱ የሚሠራው የመንገዶቹ ዋጋ ኔጌቲቭ ባልሆነበት ጊዜ ብቻ ነው።

ለአምስት ከተሞች መንገዶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥሮ ማወዳደር ይቻላል። ከተሞቹ 64 ሲሆኑ ግን ሊኖሩ የሚችሉት መንገዶች ብዛት ለፈጣን ኮምፒውተር እንኳ የሚያዳግት ይሆናል። የዳይክስትራ ስልት እያንዳንዱን ከተማ አንድ ጊዜ ብቻ በማጽናት ይህን ድካም ያስቀራል። ዛሬ ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. የተባለውን ደንብ የሚከተሉ የኢንተርኔት መሣሪያዎች መልእክት የሚያልፍበትን መስመር የሚመርጡት በዚሁ ስልት ነው። የመንገድ አመልካች ካርታዎችም በስልቱ ወይም ከእርሱ በተገኙ ዘዴዎች ይጠቀማሉ።

አልጎል 60 እና ጺሙ

በ1959 ዳይክስትራ ከአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። የጥናቱ ርእስ ኤክስ 1 የተባለው ኮምፒውተር ከውጭ መሣሪያዎች ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነበር። ይህ ኮምፒውተር ሥራ ላይ እያለ ከውጭ በሚመጣ ምልክት ሊቋረጥ ይችል ነበር። መቋረጡ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ፣ አንድ ስሕተት ዛሬ ታይቶ ነገ ሊጠፋ ይችላል፤ ፈልጎ ማግኘትም አይቻልም። ዳይክስትራ ይህ እጅግ አሳስቦት ነበር፤ በሙከራ የማይገኝ ስሕተት ከመጀመሪያው እንዳይፈጠር ማድረግ እንጂ ሌላ መፍትሔ እንደሌለው ያመነውም ከዚህ ሥራ በኋላ ነው።

በ1960 አልጎል 60 የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይፋ ሆነ። ዳይክስትራና ባልደረባው ያፕ ዞንፈልድ ለዚህ ቋንቋ ኮምፓይለር ማለትም በቋንቋው የተጻፈውን ወደ ኮምፒውተሩ ቋንቋ የሚመልስ ፕሮግራም ለመሥራት ተነሡ። ሥራው እስኪያልቅ ጺማቸውን ላለመላጨትም ተስማሙ። በኦገስት 1960 ኮምፓይለሩ ተጠናቀቀ፤ በዓለም የመጀመሪያው የአልጎል 60 ኮምፓይለር ተደርጎም ይጠቀሳል። ዞንፈልድ ጺሙን ተላጨ፤ ዳይክስትራ ግን እስከ መጨረሻው ከጺሙ ጋር ኖረ።

አይንድሆቨን፤ ሴማፎርና የፈላስፎቹ ማዕድ

በ1962 ዳይክስትራ በአይንድሆቨን የቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆነ። የተቀጠረው በሒሳብ ክፍል ነው፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል በዚያን ጊዜ አልነበረም። እዚያም ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ኤክስ 8 ለተባለው ኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም (ስርዓተ ክወና) ሠራ። ይህ ሥርዓት በዩኒቨርሲቲው ስም ምሕጻር ቲ.ኤች.ኢ. ተብሎ ይጠራል። ሥርዓቱ እንደ ፎቅ ቤት በደረጃ በደረጃ የተሠራ ሲሆን እያንዳንዱ ደረጃ የሚደገፈው ከሥሩ ባለው ላይ ብቻ ነበር። የታችኛው ደረጃ ትክክል መሆኑ ሳይረጋገጥ ወደሚቀጥለው አይታለፍም። ሥራው በ1968 ታትሞ ወጣ፤ በደረጃ መገንባት ከዚያ በኋላ ለተሠሩ ብዙ ሥርዓቶች አርአያ ሆነ።

ሴማፎር የተባለውን ዘዴ የፈጠረው በዚህ ሥራ ምክንያት ነው። ስሙ ከባቡር ምልክት የተወሰደ ነው። በአንድ ነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ቢገቡ ይጋጫሉ፤ በሚኤሶ በኩል ያልፍ የነበረው የድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር መስመርም ነጠላ ሐዲድ ስለነበረ ባቡሮች በየጣቢያው እየተጠባበቁ ይተላለፉ ነበር። ምልክቱ ሲወርድ አንዱ ያልፋል፤ ሌላው ይጠብቃል። በኮምፒውተር ውስጥም ሁለት ሥራዎች አንድን የማስታወሻ ቦታ በአንድ ጊዜ ቢለውጡ ውጤቱ ይበላሻል። ለምሳሌ በአንድ የባንክ ሒሳብ ውስጥ 1000 ብር አለ እንበል። ሁለት ሰዎች በአንድ ቅጽበት እያንዳንዳቸው 100 ብር ቢያስገቡ፣ ሁለቱም ሥራዎች 1000ን አንብበው ሁለቱም 1100 ብለው ሊጽፉ ይችላሉ፤ 100 ብር ጠፋ ማለት ነው። ሴማፎር አንዱ አንብቦ ጽፎ እስኪጨርስ ሌላውን ያስጠብቃል።

ማስጠበቅ ግን የራሱ አደጋ አለው። ይህን ለማሳየት ዳይክስትራ በ1965 ለተማሪዎቹ ፈተና ያወጣው ጥያቄ የፈላስፎቹ ማዕድ በመባል ይታወቃል። አምስት ፈላስፎች ክብ ገበታ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ በየሁለቱ ፈላስፎች መካከል አንድ ሹካ አለ፤ ለመብላት ግን እያንዳንዱ ሁለት ሹካ ያስፈልገዋል። ሁሉም በአንድ ጊዜ በግራቸው ያለውን ሹካ ቢያነሡ በቀኛቸው የሚያነሡት አይኖርም፤ ሁሉም የያዙትን ሳይለቁ እየተጠባበቁ ይራባሉ። በእኛ አገር መሶብ ዙሪያ እንጀራው የጋራ፣ እጅ ግን የየራስ ስለሆነ ይህ ችግር አይደርስም። በኮምፒውተር ውስጥ ግን እንዲህ ያለው መቆላለፍ ሥርዓቱን በሙሉ ያቆመዋል። አንዱ መፍትሔ ለሹካዎቹ ቁጥር ሰጥቶ ማንም ሰው ትንሹን ቁጥር ሳይዝ ትልቁን እንዳያነሣ ማዘዝ ነው። ጥያቄው ዛሬም የኦፐሬቲንግ ሲስተም ትምህርት በሚሰጥበት ሁሉ ይጠየቃል።

የጎ ቱ ክርክር

በማርች 1968 ዳይክስትራ ለአንድ የሙያ መጽሔት የላከው ደብዳቤ ታተመ። ደብዳቤው ጎ ቱ የተባለው ትእዛዝ ከፕሮግራም ቋንቋዎች እንዲወጣ የሚጠይቅ ነበር። ጎ ቱ ኮምፒውተሩን ከአንድ መስመር ወደ ሌላ ማንኛውም መስመር እንዲዘል የሚያዝ ትእዛዝ ነው። ደብዳቤው የታወቀበትን ኃይለኛ ርእስ የሰጠው ራሱ ዳይክስትራ ሳይሆን አዘጋጁ ኒክላውስ ቪርት ነው።

የደብዳቤው መከራከሪያ ይህ ነው፤ ሰው በጽሑፍ ላይ የሰፈረን ነገር በደንብ ይረዳል፤ በጊዜ ውስጥ የሚለዋወጥን ነገር በሐሳቡ መከታተል ግን ይከብደዋል። በመሆኑም የፕሮግራሙ ጽሑፍና ሲሠራ የሚሄድበት ቅደም ተከተል በተቻለ መጠን መመሳሰል አለባቸው። ጎ ቱ የበዛበት ፕሮግራም በየገጹ ወደ ኋላና ወደ ፊት ሂድ የሚል መጽሐፍ ይመስላል፤ አንባቢው የት እንዳለና እንዴት እዚያ እንደ ደረሰ ይጠፋዋል። በምትኩ ማንኛውም ፕሮግራም በቅደም ተከተል፣ በምርጫና በድግግሞሽ ብቻ ሊዋቀር ይችላል።

ደብዳቤው ከባድ ክርክር አስነሣ። በጎ ቱ መጻፍ የለመዱ ብዙ ባለሙያዎች ተቆጡ፤ ጎ ቱ አንዳንድ ቦታ እንደሚጠቅም በማስረጃ ያሳዩ ሊቃውንትም ነበሩ። ጊዜው ሲያልፍ ግን አብዛኞቹ ቋንቋዎች የዳይክስትራን መንገድ ተከተሉ። ዛሬ ፕሮግራም የሚማር ተማሪ ጎ ቱን ጨርሶ ሳያይ ትምህርቱን ሊጨርስ ይችላል።

የጨለማው ዘመንና ከእርሱ የወጣው ሥራ

የቲ.ኤች.ኢ. ሥራ በውጭ አገር ቢደነቅም በዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ክፍል ውስጥ እንደ ቁም ነገር አልታየም። ዳይክስትራ የሰበሰበው የሥራ ቡድን ፈረሰ። ዳይክስትራም በከባድ የመንፈስ ጭንቀት ወደቀ። ከዚህ ሁኔታ ለመውጣት የተጠቀመበት መንገድ መጻፍ ነበር። ስለ ፕሮግራም አወቃቀር የጻፈውን ረጅም ማስታወሻ ለጥቂት ወዳጆቹ ላከ፤ እነርሱም ለሌሎች አባዝተው ላኩ። ጽሑፉ ማስታወቂያ ሳይነገርለት ከእጅ ወደ እጅ ዓለምን ዞረ፤ የተዋቀረ ፕሮግራም የሚለውን ስያሜም በየቦታው አስለመደ።

በዚህ ማስታወሻ ካሉት ምሳሌዎች አንዱ በተለይ ይታወሳል። እያንዳንዳቸው 27 ቢት ያላቸውን ሁለት ቁጥሮች የሚያባዛ መሣሪያ አለ እንበል። መሣሪያው በሁሉም ቁጥሮች ላይ ትክክል መሥራቱን በሙከራ ለማረጋገጥ 2 በ54 ጊዜ ራሱን ተባዝቶ የሚገኘውን ያህል ማባዛት ያስፈልጋል። በዚያ ዘመን ፍጥነት ይህ ከ10,000 ዓመት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ሙከራ ስሕተት መኖሩን ሊያሳይ ይችላል እንጂ አለመኖሩን ሊያረጋግጥ አይችልም። ማረጋገጥ የሚቻለው የመሣሪያውን ወይም የፕሮግራሙን አሠራር በመመርመር ብቻ ነው።

በዚያው ዘመን፣ በ1968፣ በጀርመን አገር በጋርሚሽ በተደረገ ጉባኤ የሶፍትዌር ቀውስ የሚለው አነጋገር ተስፋፋ። ኮምፒውተሮቹ እጅግ እየፈጠኑ ሲሄዱ ፕሮግራሞቹ ግን በጊዜያቸው አያልቁም፣ ከታሰበው በላይ ገንዘብ ይበላሉ፣ ስሕተትም ይበዛባቸዋል። ጉባኤው ላይ የነበረው ዳይክስትራ በ1972 የቱሪንግን ሽልማት ሲቀበል ያደረገው ንግግር ዋና ሐሳብም ይኸው ነበር። በእርሱ አመለካከት ቀውሱ የመጣው የኮምፒውተር ኃይል ሲጨምር የሰው ምኞት አብሮ ስላደገ ነው፤ የሰው አእምሮ ግን ያው ነው። ስለዚህ ጥሩ ፕሮግራመር የአእምሮውን ወሰን አውቆ በትሕትና ይሠራል፤ ብልጠትን ለማሳየት የሚደረግ የተወሳሰበ አጻጻፍንም ይሸሻል።

ማስታወሻዎቹ

በ1973 ዳይክስትራ በዩኒቨርሲቲው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ማስተማሩን ይዞ የባሮውዝ ኩባንያ ተመራማሪ ሆነ። ቢሮው በኑነን ከተማ ባለው መኖሪያ ቤቱ ውስጥ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ኑነን ቀደም ሲል ሠዓሊው ቪንሰንት ቫን ጎህ የኖረባት ከተማ ናት።

ከዚህ ክፍል ወደ ዓለም የሚወጡት ጽሑፎች በስሙ መነሻ ፊደላት ኢ.ደብሊው.ዲ. ተብለው ይጠራሉ። እያንዳንዱ ተከታታይ ቁጥር አለው፤ እስከ ሞቱ ድረስ ከ1300 በላይ ጽፏል። ብዙዎቹን በቀለም ብዕር በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ይጽፋቸው ነበር። ከመጻፉ በፊት ረጅም ጊዜ አስቦ፣ ሲጽፍ ግን ሳይሰርዝ ይጽፍ ነበር። ጽሑፎቹ በፎቶ ኮፒ ተባዝተው ለባልደረቦቹ ይላካሉ፤ እነርሱም ያባዛሉ። ጥብቅ የሒሳብ ማረጋገጫዎች፣ የጉዞ ማስታወሻዎችና ስለ ትምህርት የተሰነዘሩ ትችቶች ይገኙባቸዋል። በአንዱ ውስጥ ቆጠራ ከ0 መጀመር ያለበት ለምን እንደሆነ ያስረዳል፤ የጽሑፎቹን ገጾችም ከ0 ይቆጥር ነበር።

በ1974 ያሳተመው ሁለት ገጽ ያህል ጽሑፍ ደግሞ በብዙ ኮምፒውተሮች የተሠራ ሥርዓት ቢበላሽ እንኳ ያለ ማንም እርዳታ ራሱን ወደ ትክክለኛ ሁኔታ ሊመልስ እንደሚችል አሳየ። ጽሑፉን ለብዙ ዓመታት ልብ ያለው ሰው አልነበረም። በ1983 ሌዝሊ ላምፖርት የተባለ ሊቅ በአንድ ጉባኤ ላይ አወድሶት ካስተዋወቀው በኋላ ግን ራሱን የቻለ የምርምር ዘርፍ ሆነ።

በቴክሳስ፤ መምህሩ

በ1984 ዳይክስትራ ወደ አሜሪካ ሄዶ በኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1999 ጡረታ እስኪወጣም እዚያው አስተማረ። ክፍል ሲገባ ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ በቀር የሚይዘው ነገር አልነበረም። በሚያስተምርበት ጊዜ ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ቆሞ ያስባል፤ ተማሪውም አብሮት እንዲያስብ ይፈልጋል። ፈተናውን የሚሰጠው በቃል ነበር፤ ተማሪው ከፊቱ ቆሞ አንድን ችግር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲፈታ ያደርገዋል።

የፕሮግራም ሊቅ ሆኖ ሳለ ለብዙ ዘመን የራሱ ኮምፒውተር አልነበረውም። በመጨረሻ አንድ ሲያገኝም የሚጠቀምበት ለኢሜይልና ኢንተርኔት ለማየት ነበር። ቤቱ ቴሌቪዥን አልነበረም፤ ፒያኖ ይጫወት፣ የሞዛርትን ሙዚቃ ይወድ ነበር። ከባለቤቱ ጋር በቮልስዋገን መኪና የአሜሪካን ፓርኮች ይጎበኝ ነበር፤ ለመኪናውም በአላን ቱሪንግ ስም እየቀለደ የቱሪንግ ማሽን የሚል ስም ሰጥቷት ነበር።

ትችቶች

ዳይክስትራ ብዙ ወዳጆች እንደነበሩት ሁሉ ብዙ ተቃዋሚዎችም ነበሩት። ኮቦልና ቤዚክ የተባሉትን ቋንቋዎች የተማሪን አስተሳሰብ የሚጎዱ ናቸው በማለት በብዕሩ ክፉኛ ገሥጿቸዋል፤ በእነዚህ ቋንቋዎች ሠርተው የሚኖሩ ሰዎችም ቅር ተሰኝተዋል። አነጋገሩ ትዕቢት የተሞላበት ነው ያሉም ነበሩ። ሌሎች ደግሞ እያንዳንዱን ፕሮግራም በሒሳብ ማረጋገጥ ለትልልቅ ሥራዎች የማይቻል ነው ሲሉ ተከራክረውታል። በ1988 በጻፈው ማስታወሻ ጀማሪ ተማሪዎች ፕሮግራማቸውን በኮምፒውተር ላይ ሳይሞክሩ በሒሳብ እያረጋገጡ መማር አለባቸው ሲል ብዙ መምህራን ተቃውመውታል። በተግባር አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ይህን ምክር አልተከተሉም።

ሞትና ውርስ

በ2002 መጀመሪያ ዳይክስትራ በካንሰር ታሞ ወደ ኑነን ተመለሰ። ኦገስት 6 ቀን 2002 በ72 ዓመቱ እዚያው አረፈ። በዚያው ዓመት በ1974 ለጻፈው አጭር ጽሑፍ ሽልማት ተሰጠው፤ ሽልማቱም ከ2003 ጀምሮ የዳይክስትራ ሽልማት ተብሎ በስሙ ይጠራል። ማስታወሻዎቹ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተጠብቀው በኢንተርኔት ለሁሉም ክፍት ሆነዋል።

ከሕይወቱ ለተማሪ የሚተርፈው ትምህርት በሦስት ሊጠቃለል ይችላል። አንደኛው፣ ለሙያው ስም ባልነበረበት ዘመን ሙያውን መርጦ ስም እንዲያገኝ ማድረጉ ነው። ሁለተኛው፣ ስሕተትን ከመፈለግ ስሕተት እንዳይፈጠር አድርጎ መሥራት እንደሚቀል ማስተማሩ ነው። ሦስተኛው በተለይ ኮምፒውተር በማይበቃበት ወይም መብራት በሚቋረጥበት አካባቢ ለሚማር ተማሪ ይጠቅማል። በስሙ የሚጠራው ስልት የተገኘው ያለ ወረቀት ነው፤ የመጀመሪያ ፕሮግራሞቹም የተጻፉት ገና ላልተሠራ ኮምፒውተር ነው። ከላይ ያለውን የሚኤሶና የገለምሶ ምሳሌ በእርሳስ ሠርቶ፣ ቁጥሮቹን ለዋውጦ እንደገና የሚሠራ ተማሪ ስልቱን ዳይክስትራ በመረጠው መንገድ ተማረው ማለት ነው።